ሰባኪው ራሱ ሲጠራጠር

ወንጌል ይዛችሁ ወደ ሌላ ሕዝብ ልትሄዱ ነው? ወይስ አሁን እዚያው ሆናችሁ «ግን እውነት ነው?» የሚል ሐሳብ ማታ ማታ እንቅልፍ እየነሳችሁ ነው? እንግዲያው ይህ ለእናንተ ነው።

እኔና ባለቤቴ ከወላይታ ተነስተን ደቡብ ኦሞ፣ ሐመር ውስጥ፣ ከዲመካ ወጣ ባለች መንደር ለዓመታት አገልግለናል። ልጆቻችንን ያሳደግነውም እዚያው ነው። አሁን የምንኖረው አርባ ምንጭ ነው። ለወንጌል አገልግሎት ወደ መስክ የሚወጡ ወጣቶች ቤታችን ጎራ ይላሉ። ቡናው ተጠጥቶ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ መንገዱ ተወርቶ ካለቀ በኋላ፣ ሊሄዱ ሲነሱ ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ያው ነው። «እትዬ፣ እምነቴ እዚያ ቢጠፋብኝስ?»

ማቴዎስ 28ን ክፈቱ እላቸዋለሁ። «አሕዛብን ሁሉ ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እንይዘዋለን። ስንላክ እጅ ተጭኖብን የሚነበበው እሱ ነው። እስቲ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁጥር 17ን አንብቡ። «ባዩትም ጊዜ ሰገዱለት፤ የተጠራጠሩ ግን ነበሩ።» ኢየሱስ የተጠራጠሩትን ለይቶ «እናንተ ቆዩ» አላለም። ትእዛዙን የሰጠው እዚያ ለቆሙት ሁሉ ነው። እኔ ስላክ ይህን ቁጥር የሰበከልኝ የለም። ለምን እንደሚዘለል ይገባኛል፤ ለሽኝት ፕሮግራም አይመችም።

መጀመሪያ ሰውነታችሁን ጠይቁ

ጥርጣሬ ሲመጣ ብዙዎቻችን ጾም እንጨምራለን፣ አዳር ጸሎት እንይዛለን። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሌሊት ትተኛላችሁ? ምን በላችሁ? ወባ ከያዛችሁ ምን ያህል ጊዜ ሆነው? ቆላ የኖረ ያውቀዋል፤ መድኃኒቱ አልቆ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላም ጉልበት ቶሎ አይመለስም። በዚያ ሰሞን መጽሐፍ ቅዱስ ማንሳት ራሱ ይከብዳል። እግዚአብሔርም የራቀ ይመስላል።

ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፣ ኤልያስም ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰውና አበላው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ላይ ነው።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ ሂዱና ደም ተመርመሩ። ለጥቂት ሳምንታት በደንብ ብሉ፤ ቀን ላይ ጥላ ሥር ጋደም በሉ። መጨለሙ አልለቅ ካለ፣ በተለይ ሞት የሚያስመኛችሁ ከሆነ፣ ጂንካ ሆስፒታል ድረስም ቢሆን ሄዳችሁ ለሐኪም ተናገሩ። «ሰባኪ ሆኜ እንዴት» አትበሉ። ጥርጣሬ ሁሉ በእንቅልፍ ይለቃል እያልኩ አይደለም። የሚለቀው ከለቀቀ በኋላ ግን የቀረው እውነተኛው ጥያቄ ነውና ከእሱ ጋር መነጋገር ትችላላችሁ።

ሪፖርቱን እውነት አድርጉት

በእኔ አስተያየት መስክ ላይ እምነትን የሚበላው ማስመሰል ነው። ማስመሰሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ለላኪዎቻችን ከምንልከው የወር ሪፖርት ነው።

ፎርሙን የሞላ ያውቀዋል። ወንጌል የሰሙ፦ ስንት። ጌታን የተቀበሉ፦ ስንት። የተጠመቁ፦ ስንት። የጸሎት ርዕስ፦ ሁለት መስመር። እኔ ግን ወሩን ሙሉ ያደረግሁት የጎረቤቴን ልጅ ጤና ጣቢያ ማመላለስ፣ ከሴቶቹ ጋር ማሽላ መፍጨትና ቋንቋ መልመድ ሊሆን ይችላል። ለዚያ የሚሆን ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። ባዶ ፎርም መላክ ደግሞ ያሳፍራል። ላኪዎቻችን እኮ ሀብታም አይደሉም። ከእህል ሽያጭ፣ ከጡረታ ብር ቆርሰው የሚልኩ እናቶች ናቸው። እሁድ ሪፖርቱ ሲነበብ እልል ይላሉ። እነሱን ማሳዘን ማን ይፈልጋል?

እናም ቆሞ ያዳመጠው ሁሉ «የተቀበለ» ተብሎ ይጻፋል። እጁን ያነሳው ሁሉ ይቆጠራል። ሐመር እንግዳ አክባሪ ነው፤ እጃችሁን አንሱ ካላችሁት ቅር እንዳይላችሁ ብሎ ያነሳላችኋል።

ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ሰው እልል የሚልለት ነገር በእውነት እንዳልተፈጸመ እናንተ ታውቃላችሁ። ቀጥሎ የሌላው ምስክርነት አይዋጥላችሁም፤ «እኔ እንዲህ ከጻፍሁ እሱስ?» ትላላችሁ። ውሎ አድሮ የሐዋርያት ሥራን ስታነቡ «ሦስት ሺህ ነፍስ» የሚለው ጋ ስትደርሱም ያው ሐሳብ ብቅ ይላል። በዚህ መንገድ የሄዱ አገልጋዮችን አይቻለሁ። መድረክ ላይ እሳት ናቸው። ቤታቸው ሲገቡ የሚያምኑት የላቸውም።

እንግዲህ የተቀበለ ከሌለ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ያየሁት፣ ያልገባኝ፣ የፈራሁት። እኔ አንድ ወር የላክሁት ይህን ይመስል ነበር፦ «በዚህ ወር የተቀበለ የለም። ሴቶቹ መዝሙሩን ይወዱታል፤ ጸሎት ስንጀምር ግን ለምን ተነስተው እንደሚሄዱ አልገባኝም። የፈራሁት፣ እኔም ጸሎት ላይ መቀመጥ እየከበደኝ መምጣቱን ነው።» ከላኪዎቹ አንዱ ደውሎ «እንዲህ እየጻፋችሁ ድጋፍ እንዴት እናሰባስብ?» አለ። እውነቱን ነው፤ የእሱም ሥራ ቀላል አይደለም። ሪፖርቱ ግን እንዳለ ተነበበ። አንዲት እናት ደግሞ «እኔም ጸሎት ከከበደኝ ቆይቷል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ በየቤታችን አብረን እንሞክር» ብላ በሰው ላከችብኝ። ሐመር በነበርንበት ዘመን እንደ እሷ መልእክት ያቆመኝ ስብከት የለም።

ዜሮ መጻፍ ለሚያሳፍራችሁ፦ እንግሊዛዊው ሚሽነሪ ዊሊያም ኬሪ ሕንድ የገባው በ1793 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያውን ሕንዳዊ አማኝ ያጠመቀው በ1800 ማብቂያ ነው። አሜሪካዊው ሚሽነሪ አዶኒራም ጀድሰን በርማ (የዛሬዋ ማይናማር) የደረሰው በ1813፣ የመጀመሪያውን በርማዊ ያጠመቀው በ1819 ነው። ዛሬ ቢሆን በሦስተኛው ዓመት ፕሮጀክቱ ይዘጋ ነበር።

የምትነግሩት አንድ ሰው ይኑራችሁ

ይህ ሰው ደመወዛችሁን የሚወስን አይሁን። እናንተ የምታስተምሩትም አይሁን፤ ገና የቆመ አማኝ ላይ ይህን ሸክም መጫን ግፍ ነው። የትዳር ጓደኛም ብቻውን አይበቃም። እኔና ባለቤቴ በተራ እንጠራጠር ነበር ማለት ይቻላል፤ ተራችን የተጋጨ ሳምንት ግን ቤታችን ውስጥ የሚያጽናና ሰው አይገኝም።

የእኔ ሰው ጡረታ የወጡ አንድ መጋቢ ነበሩ። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ከዲመካ ገበያ ስመለስ እዚያ ቁጭ ብዬ በቴሌግራም ድምፅ እልክላቸዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ያልኳቸው ይህን ነው። «አባቴ፣ እንዲመልሱልኝ አይደለም፤ እንዲያውቁልኝ ነው።» እናንተም እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፤ አለበለዚያ «በርቱ! ጠላት ነው» ተብሎ ይዘጋል። ጠላት መኖሩን አልክድም። ግን ሁሉ ነገር ጠላት ከሆነ የሚደመጥ ሰው አይኖርም።

ማዘር ቴሬዛ በ1997 እ.ኤ.አ. ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ የግል ደብዳቤዎቻቸው ሲታተሙ ዓለም ደነገጠ። ያቺ ፈገግታ የማይለያት ሴት ለአሥርት ዓመታት የእግዚአብሔርን መኖር በልቧ ሳትቀምስ፣ በጨለማ ውስጥ ነበር የምትጸልየው። ለሕዝብ አላወጀችውም። ለነፍስ አባቶቿ ግን ጽፋላቸዋለች። እኔን የሚገርመኝ ጨለማው አይደለም፤ የምትነግራቸው ሰዎች መኖራቸው ነው።

መልስ የሌለውን ጥያቄ አታዳፍኑ

ከጎረቤታችን ካለ አንድ ሽማግሌ ጋር ጠዋት ጠዋት ሽፈሮ እንጠጣ ነበር፤ የቡና ገለባ ተፈልቶ በቅል የሚቀርበውን። አንድ ቀን ቦርኮቶው፣ ትንሿ የእንጨት መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ጠየቀኝ። «አባቴ ደግ ሰው ነበር። እንግዳ አያስርብም። የሰው ከብት አይነካም። አንቺ የምትነግሪኝን ስም ሳይሰማ ሞተ። አሁን የት ነው ያለው?»

ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁት መልስ ነበረኝ። ከነጥቅሱ። አፌ ላይ ደርሶ አልወጣ አለ። ሰውየው ክርክር አልፈለገም፤ ስለ አባቱ ነው የጠየቀኝ። «አላውቅም» አልኩት። «እኔ ፈራጅ አይደለሁም። ፈራጁ ግን ከእኔም ከአንተም ይልቅ ፍትሕ ያውቃል ብዬ አምናለሁ።» ዝም አለ። ከዚያ ስለ ፍየሎቹ ማውራት ጀመረ። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ አነሳው። ማታ ማታ እኔም ለራሴ አነሳው ነበር። ስለ አባቱ ብቻም አልነበረም። እንግዳ የሚያበላ፣ ሽማግሌ የሚያከብር ሕዝብ መካከል ተቀምጬ «ለመሆኑ እኔ ምን ልጨምርላቸው መጣሁ?» እል ነበር።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደብተር ያዙ። ጥያቄውን በጠየቃችሁ ሰው አነጋገር ጻፉት፤ በሥነ መለኮት ቋንቋ አታሳምሩት። ከዚያ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ። አንዳንዱ መልስ አለው፤ እናንተ ገና አላነበባችሁም። እሱን ከተማ ስትወጡ መጽሐፍ ፈልጉለት፣ የተማረ ሰው ጠይቁለት። አንዳንዱ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ለዘመናት የተከራከሩበት ነው። በአንድ ሌሊት ሻማ አትፈቱትምና ራሳችሁን አታስጨንቁ፤ እኔ የሽማግሌውን ጥያቄ የጻፍሁት እዚህ ነው። ከጎኑ አብርሃም «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ የጠየቀውን አስቀመጥሁ። አብርሃምም የጠየቀው ስለ ሌሎች ሰዎች ነበር። ሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ የሚመስል ሐዘን ነው። እሱ መልስ አይፈልግም፤ ልቅሶ ነው የሚፈልገው።

ይህን ሦስተኛውን በ2014 ዓ.ም. ድርቅ አየነው። ከብት አለቀ። ሴቶቹ ከደረቀው ወንዝ አሸዋ ቆፍረው የሚቀዱት ውሃ ራሱ እየራቀ ሄደ። የእኛ ትንሽ ጉባኤ ተሰብስቦ ስለ ዝናብ ጸለየ። አልዘነበም። እንደገና ጸለየ። አሁንም የለም። አንዲት እናት «አምላክሽ የሚሰማው አማርኛ ብቻ ነው እንዴ?» አለችኝ። ቀልዷን ይሁን ምሯን ፊቷ አያስታውቅም ነበር።

እዚህ ላይ የምመክራችሁ ይህ ነው። ዝናብ ይዘንባል ብላችሁ ቃል አትግቡ። እግዚአብሔርን ለመከላከልም አትሩጡ። መዝሙር 13ን፣ 44ን፣ 88ን አውጡና በሕዝቡ ቋንቋ፣ በምትችሉት ልክ፣ አንብቡላቸው። 88ኛው በተስፋ አይዘጋም፤ በጨለማ ነው የሚያልቀው። ያን ቀን ካነበብነው በኋላ ሴቶቹ «ይህም መጽሐፉ ውስጥ አለ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔም እየጠየቅሁ ነበር ማለት እችላለሁ። አልቅሰን ተለያየን። ጸሎት ስንጀምር ተነስተው የሚሄዱት ሴቶች ያን ቀን አልተነሱም።

የግል ጸሎትም እንዲሁ ነው። ቃል ሲያልቅባችሁ አጭር ያዙ። የእኔ ረጅሙ ጸሎት ለብዙ ወራት ያ የታመመ ልጅ አባት በማርቆስ 9 ያለው ነበር፦ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው።» ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ስሜት እስኪመጣ አልጠበቅሁም።

«ለምን መጣሁ?» ለሚለው

ዓላማ የጠፋ የሚመስለን አብዛኛውን ጊዜ ዓላማን ከውጤት ጋር ስላሰርነው ነው። እኔን የረዳኝ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት ነው። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ በባርነት ተሸጠ፤ ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ስዊድን ተምሮ ሲመለስ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ወገኖቹ ወደ ኦሮሞ ሄዶ ወንጌል መስበክ። በሱዳን በኩል ሞከረ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ተመለሰ። መንገድ እስኪከፈት ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላይ ተቀምጦ እንደ እሱ ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ቃላት እየሰበሰበ መጽሐፍ ቅዱስን ተረጎመ። ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ። እሱ ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው፤ መጀመሪያ ከሞከረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። መንገዱ ቶሎ ተከፍቶለት ቢሆን ኖሮ ያን መጽሐፍ ማን ይሠራው ነበር? እኔ እንጃ።

ለእኛ ለወላይታዎች ደግሞ የቅርብ ታሪክ አለን። የኤስ.አይ.ኤም. (የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን) ሚሽነሪዎች ሶዶ የደረሱት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ በ1937፣ ተገደው ሲወጡ የተዉት የተጠመቀ ምእመን ሃምሳ ገደማ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በሺዎች አገኙ። በመካከሉ የሠሩት ሚሽነሪ ያልተባሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ታስረውም ተገርፈውም ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ጭምር በእግራቸው የሄዱ። ይህን የምነግራችሁ «እናንተም ሺዎችን ታያላችሁ» ለማለት አይደለም። ላታዩ ትችላላችሁ። ሥራው በእናንተ እጅ ብቻ እንዳልሆነ ካወቃችሁ ግን ትከሻችሁ ቀለል ይላል።

በተግባር ምን ይደረግ? ጥርጣሬው በበረታባችሁ ወር ስብከት ቀንሱና እምነታችሁ ሙሉ ባይሆንም ልትሠሩት የምትችሉትን እውነተኛ ሥራ ጨምሩ። ፊደል አስተምሩ። ምጥ የያዛትን ጤና ጣቢያ አድርሱ። የሞተበት ቤት ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ያላመናችሁበትን ዓረፍተ ነገር ግን መድረክ ላይ አትናገሩ። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ማለት ይበቃል። «እኔ እንዲህ አይቻለሁ» የሚለውን በእውነት ላያችሁት ብቻ አስቀምጡት።

መመለስ ካማራችሁ

በሐዘን፣ በሕመም ወይም በከፋው ሙቀት መካከል አትወስኑ። ጀድሰን ሚስቱን በ1826 እ.ኤ.አ.፣ ትንሽ ልጁን ከወራት በኋላ አጣ። ጫካ ገባ፤ መቃብር ቆፍሮ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። እግዚአብሔርን አምናለሁ፣ ግን አላገኘውም ብሎ የጻፈው በዚያ ዘመን ነው። በዚያ ጊዜ ስለ ቀሪ ሕይወቱ ቢጠየቅ ምን ይል እንደነበር መገመት አያቅትም። ቀስ በቀስ ወጣ፤ የበርማ መጽሐፍ ቅዱስን ትርጉም በ1834 ጨረሰ።

ዝናብ ዘንቦ፣ ጤናችሁ ተመልሶ፣ ለዚያ ለአንድ ሰው ነግራችሁ፣ አሁንም ልባችሁ «ይብቃ» ካለ ግን ተመለሱ። ልጆቻችሁ እየተጎዱ ከሆነም ተመለሱ። እኛ የተመለስነው በልጆቹ ትምህርት ምክንያት ነው፤ «ዕርፍ በእጁ ይዞ ወደ ኋላ የሚመለከት» የሚለውን ጥቅስ የላከልን ሰው አልጠፋም። እምነቱ ራሱ ሄዶ ከሆነ ደግሞ ደመወዙን ለማቆየት ብላችሁ አትስበኩ። ለላኪዎቻችሁ በግልጽ ነግራችሁ ሥራውን አስረክቡ። ከዚያ በኋላ የተመለሰለት ሰው አውቃለሁ። ያልተመለሰለትም አውቃለሁ፤ እሱም እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው።

ይህን የምታነቡ ላኪዎች ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በሚቀጥለው ጊዜ መስክ ስትደውሉ «ስንት ተቀበሉ?» ከማለታችሁ በፊት «እንቅልፍ እንዴት ነው?» በሉ። በዓመት አንድ ጊዜ «እረፍት ውጡ» ስትሏቸውም የትራንስፖርቱን ብር አብራችሁ ላኩ። ከዲመካ ጂንካ፣ ከጂንካ ሶዶ፣ ለባል፣ ለሚስትና ለልጆች፣ ደርሶ መልስ። ፈቃዱ ተሰጥቷቸው የመኪና መክፈያ ስላጡ ብቻ ክረምቱን እዚያው የከረሙ አሉ።